እግርና ጎማ በአንድ በር፦ የመጋዘን ፎርክሊፍት አደጋን ለመከላከል ዝርዝር መመሪያ

ልጁ የቆመው በበቆሎው ክምርና በፎርክሊፍቱ (በሁለት የብረት ሹካ ጭነት በሚያነሣው ማሽን) መካከል ነበር። ሹፌሩ ፓሌቱን፣ ማለትም ጭነት የሚደረደርበትን የእንጨት መደብ፣ አንሥቶ መሪውን ወደ ግራ ሲጠመዝዝ የማሽኑ ፊት ወደ ግራ ዞረ፤ ኋላው ግን ወደ ቀኝ ተወነጨፈና የኋላ ጎማው በልጁ እግር ላይ ወጥቶ ወረደ። ጩኸት እንኳ አልተሰማም። በፕላስቲክ ጫማው ላይ የጎማው ጥርስ በአቧራ ታትሞ ቀረ እንጂ ደም አልነበረም፤ ቆዳውም አልተላጠም። «ምንም አልሆንሁም ጋሼ» አለኝ፤ የቀን ሒሳቡ እንዳይቀርበት ሰግቶ ነው። እኔም አምኜው ወደ ቤቱ ላክሁት። ማታ እግሩ አበጠ። በማግሥቱ ቤተሰቡ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱት፤ ወጌሻው በቀርከሃ ጠፍሮ አሰረለት። በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ጠቆሩ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ ማትረፍ የቻሉት ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ያለውን ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር በተዘረጋው መንገድ ግራና ቀኝ፣ እህልና ማዳበሪያ በሚከማችባቸው መጋዘኖች፣ መጀመሪያ በሹፌርነት በኋላም በኃላፊነት ሠርቻለሁ። አደጋ በደረሰ ቁጥር ቀድሞ የሚጠየቀው «ሹፌሩ ማን ነው?» ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው «ያ ሰው እዚያ ምን ሊሠራ ቆመ?» ብዬ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1994 በፎርክሊፍት የሞቱ 1,021 ሠራተኞችን መዝግቦ ነበር። ከእነዚህ 22 በመቶው ማሽኑ ተገልብጦ፣ 20 በመቶው በእግራቸው ሳሉ ተገጭተው፣ 16 በመቶው በማሽኑ ተጨፍልቀው፣ 9 በመቶው ደግሞ ከማሽኑ ላይ ወድቀው የሞቱ ናቸው። በእኛ መጋዘን በእግሩ የሚሄደው ሰው ከዚያ አገር እጅግ ይበዛል፤ አንድ ፎርክሊፍት በሚገባበት በር ሃያና ሠላሳ ጫኝና አውራጅ ይተራመሳል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከማሽኑ ሳይሆን ከሰው መንገድ ይጀምራል።

1. አንድ ሰዓት ቁማችሁ እዩ

ሥራ የሚበዛበትን ቀን ምረጡ። የማዳበሪያ መጋዘን ከሆነ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ የእህል መጋዘን ከሆነ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። ወረቀት ያዙና መጋዘኑን ሣሉት፦ በሩን፣ ክምሮቹን፣ ሚዛኑን፣ ቆጣሪው የሚቆምበትን፣ የሚጠጣ ውኃ የተቀመጠበትን፣ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚወስደውን መንገድ። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ምንም ሳትናገሩ ቁሙ። ሰው የማሽኑን መንገድ ባቋረጠ ቁጥር እዚያው ቦታ ላይ ነጥብ አድርጉ።

ሰዓቱ ሲያልቅ ነጥቦቹ የሚከማቹባቸው ሁለትና ሦስት ቦታዎች ይታዩአችኋል። እዚያ ለምን እንደሚያቋርጡ ሰዎቹን ጠይቁ። እኔ ባየኋቸው መጋዘኖች ብዙው ሰው የሚያቋርጠው ለሸክም ሥራ አይደለም፤ ውኃ ሊጠጣ፣ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ፣ ቆጣሪው ምልክት ማድረጉን ሊያረጋግጥ ነው። የውኃውን ጀሪካን ወደ ሠራተኛው ወገን ማዛወር አንድ ብር አያስወጣም። ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

በዚያው ሰዓት ተሸካሚውን ልብ ብላችሁ እዩት። ጆንያ አጥፎ እንደ ቆብ ደፍቶታል፤ ጠርዙ ሁለቱን ጆሮዎቹን ሸፍኖ እስከ ትከሻው ወርዷል። ኩንታሉ በአንድ ትከሻው ላይ ስለሆነ አንገቱ ወደ ሌላው ወገን ተጣሟል። የሚያየው የራሱን እግርና ከፊቱ ያለውን ሁለት እርምጃ ነው። ለዚህ ሰው «ክላክስ ነፍቼለት ነበር» ማለት መልስ አይሆንም። አይሰማም፤ ቢሰማም መቶ ኪሎ ተሸክሞ ዘወር ማለት አይችልም።

2. የሰውን መንገድና የማሽኑን መንገድ ለዩ

መጋዘኑ ሁለት በር ካለው አንዱ የሰው፣ አንዱ የማሽን ይሁን፤ ያለ ምንም ልዩነት። «አሁን ማሽኑ ቁሟል፣ በዚያ ልለፍ» የሚለው ሰው ነገ ሳይቆምም ያልፋል።

በር አንድ ብቻ ከሆነ ጊዜውን ክፈሉት። ወይ ሰው ይገባል፣ ወይ ማሽን ይገባል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገቡም። ይህን የሚያዝዘው አንድ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ካቦው ይሻላል፣ ልጆቹ ድምፁን ያውቁታልና። ማሽኑ ሊገባ ሲል ካቦው ሰዎቹን ከበሩ ያርቃል፣ ሁሉም መውጣቱን በዓይኑ ቆጥሮ ያረጋግጣል፣ ከዚያ ለሹፌሩ እጁን ያነሣል። ሹፌሩ ከካቦው በቀር የማንንም ምልክት አይቀበልም። አንድ ምልክት ብቻ ግን ከማንም ይቀበላል፦ «ቁም!» የሚለውን።

መሬት ላይ የሚሠመረው መስመር ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን ሰው አያቆምም። ኖራ ከሆነ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል፤ ክረምት ላይ ቀዩ ጭቃ በጎማ ሲገባ ቢጫ ቀለሙም አይታይም። እኔ የማምነው እግር የሚያግድ ነገር ነው፦ ባዶ ፓሌት በጎኑ አቁማችሁ በሞራሌ አያይዙት፣ ወይም በርሜል በአሸዋ ሞልታችሁ በመካከሉ ሰንሰለት ዘርጉ። የማሽኑ መተላለፊያ ጭነቱን ከያዘ በኋላ በግራም በቀኝም ቢያንስ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ይትረፈው። ሰውና ማሽን የግድ በአንድ ስፍራ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ በመካከላቸው 3 ሜትር ይኑር። ሦስት ሜትር ስንት እንደሆነ በቃል አትንገሩ፤ በገመድ ለክታችሁ አሳዩ። ሁሉም ሰው አሳንሶ ነው የሚገምተው።

ጥግ ላይ ያለው የመጨረሻ ክምር ከሰው ደረት በላይ እንዳይሄድ አድርጉ። ክምሩ ጣሪያ ድረስ ከሆነ ከጥጉ ማዶ ያለውን ሰው ሹፌሩ የሚያየው ከገጨው በኋላ ነው። አሮጌ የመኪና ስፖኪዮ ጥግ ላይ ከፍ አድርጎ መስቀልም ይረዳል።

የልጁን እግር የበላው ነገር በዚህ ክፍል ከጻፍሁት ሁሉ ይበልጣል። ፎርክሊፍት የሚዞረው በኋላ ጎማው ነው። መኪና ሲታጠፍ ኋላው ፊቱን ይከተላል፤ ፎርክሊፍት ሲታጠፍ ግን ኋላው በተቃራኒው ወገን በፍጥነት ይወረወራል። ያ የኋላ ብረት ከፊት ያለውን ጭነት በክብደቱ እንዲያመዛዝን ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ከሁሉ የከበደው የማሽኑ ክፍል ነው። ሦስት ቶን የሚያነሣ ፎርክሊፍት ራሱ ባዶውን ከአራት ቶን በላይ ይመዝናል። ስለዚህ ለአዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን የምነግረው ይህን ነው፦ በማሽኑና በማይነቃነቅ ነገር መካከል አትግባ። ግድግዳ ይሁን፣ ክምር ይሁን፣ የቆመ መኪና ይሁን፣ ለአንድ ደቂቃም አትግባ። ማለፍ ካለብህ ቁም፣ ሹፌሩ ፊትህን ይይ፣ ሹካውን መሬት ያሳርፍ፣ እጁን ከመሪው አንሥቶ ያሳይህ፤ ከዚያ እለፍ።

እንግዳም አለ። እህሉን ሊያይ የመጣ ባላገር፣ ነጋዴ፣ ምሳ ያመጣች እናት። እነዚህ የማሽኑን ጠባይ አያውቁም፤ መከልከላቸውም በክፉ ቃል መሆን የለበትም። ከበሩ ውጭ ጥላ ያለው መቀመጫ አዘጋጁና «አባ፣ እዚህ ዐረፍ ይበሉልኝ፤ እህልዎን ናሙናውን አምጥቼ አሳይዎታለሁ» በሏቸው። ቅር ያለው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

3. ማን ይንዳ?

የአውቶሞቢል ወይም የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ፎርክሊፍት ለመንዳት አያበቃም። ለልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ የተሰጠ ፈቃድ ያለውን ሰው ፈልጉ፤ ፈቃዱን ካያችሁ በኋላም በባዶ ግቢ፣ በባዶ ፓሌት፣ በራሳችሁ ዓይን ፈትኑት። አሜሪካኖቹ ሹፌሩን ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንደገና መመዘን ግዴታ አድርገዋል፤ አደጋ ካደረሰ ወይም ለጥቂት ከተረፈ ደግሞ ወዲያውኑ። እዚህም ሊሠራበት የሚገባ ነው።

ትልቁ ችግር ግን ፈቃድ የሌለው ሹፌር ሳይሆን ቁልፉ ነው። ሹፌሩ ምሳ ሲሄድ ቁልፉን ማሽኑ ላይ ይተወዋል፤ አንድ ጎበዝ «እኔ አንዴ ላንሣው» ይላል። ቁልፉ በሹፌሩ ኪስ ወይም በመጋዘን ኃላፊው መሳቢያ ካልሆነ ሌላ ቦታ አይደር፣ አይዋል።

በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ሹፌሮችና ጫኞች አሉ። ይህን አክብሩት፤ ሥራውን ግን በዚያው ልክ ደልድሉት። ከባዱንና ከፍታ ላይ የሚደረደረውን በጠዋት ጨርሱ፤ ከሰዓት በኋላ ቀላሉን አቆዩ።

4. የጠዋቱ ዙር

ሞተር ሳይነሣ ማሽኑን አንድ ጊዜ ዙሩት። ከሥሩ ያለውን መሬት ተመልከቱ፤ የዘይት ጠብታ ካለ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሥራ አይጀመር። ሹካዎቹ በተለይ ተረከዛቸው ላይ፣ ማለትም ቁመቱና አግድሙ በሚገናኙበት ቦታ፣ ስንጥቅ አለ? ሁለቱ ሰንሰለቶች እኩል ተወጥረዋል? የጎማው ቡሎኖች ጠብቀዋል? የሃይድሮሊክ ቱቦውን በእጃችሁ አትዳስሱት፤ ግፊት ካለበት ቱቦ በመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ ሰብሮ ይገባል። ላዩ ትንሽ ነጥብ መስሎ ውስጡን ያበላሻልና እንዲህ ያጋጠመው ሰው ባያመውም እንኳ ሆስፒታል ይሂድ። ፍሳሽ የምትፈልጉት በካርቶን ቁራጭ ነው።

ከዚያ ሞተሩን አንሡና ፍሬኑን፣ የእጅ ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ክላክሱን፣ መብራቱን፣ ቀበቶውን ሞክሩ። ሹካውን ከፍ ዝቅ አድርጉት። ይህ ሁሉ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ነገር ከጎደለ ቁልፉ ይመለስ። «ዛሬን ያድርሰን» የሚባለው ማሽን ነው ሰው የሚጎዳው።

በቤንዚን ወይም በጋዝ የሚሠራ ማሽን በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ጭሱ ውስጥ፣ እንደ ከሰል ጭስ ሁሉ፣ ሽታ የሌለው መርዝ አለ፤ ሰው ይጥላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ብዙ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ከታየ ማሽኑን አጥፉ፣ ሰውን አውጡ፣ በሩን በሁለቱም ወገን ክፈቱ።

5. ክብደቱን አስሉ

ፎርክሊፍት አራት ጎማ ይኑረው እንጂ የሚቆመው እንደ በርጩማ በሦስት እግር ነው። ሁለቱ እግሮች የፊት ጎማዎቹ ናቸው፤ ሦስተኛው የኋላው አክሰል መሐል ላይ የተሰካበት ነጥብ ነው። ክብደቱ ከእነዚህ ሦስት ነጥቦች መካከል ከወጣ ይገለበጣል። በርጩማ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን።

ማሽኑ ላይ የተለጠፈችው ሰሌዳ ስንት ኪሎ እንደሚያነሣ ብቻ አትነግርም፤ የጭነቱ መሐል ከሹካው ቋሚ ክፍል ምን ያህል ሲርቅ እንደሆነም ትነግራለች። አብዛኛውን ጊዜ ርቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። በሥራችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላሳያችሁ። 2,500 ኪሎ የሚያነሣ ማሽን አላችሁ እንበል። ሃያ ኩንታል በቆሎ በፓሌት ላይ ተደርድሯል፤ 2,000 ኪሎ ማለት ነው። ጭነቱ ከፊት እስከ ኋላ አንድ ሜትር ከሆነ መሐሉ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሚውል ችግር የለም። ጆንያዎቹ ከፓሌቱ ወጥተው ርዝመቱ 1 ሜትር ከ40 ከደረሰ ግን መሐሉ 70 ላይ ነው። ለጥንቃቄ 2,500ን በ50 አባዙና ለ70 አካፍሉት፤ ወደ 1,785 ኪሎ ይመጣል። ያው ማሽን፣ ያው ሃያ ኩንታል፣ አሁን ግን ከአቅም በላይ ነው። ሦስት ኩንታል አውርዱ።

ባለ ሃምሳ ኪሎ የማዳበሪያ ከረጢት ሠላሳው 1,500 ኪሎ ነው። ከረጢቱ ልሙጥ ስለሆነ በየረድፉ አቅጣጫውን እየቀያየራችሁ እንደ ጡብ ካልቆለፋችሁት በመታጠፊያው ላይ ይንሸራተታል።

ኋላው ከመሬት ተነሣ ብሎ ሰው ከኋላ አስቀምጦ ሚዛን ማስጠበቅን ሦስት የተለያዩ መጋዘኖች ውስጥ አይቻለሁ። ያ ሰው ሚዛን ሳይሆን ቀጣዩ ተጎጂ ነው።

6. ሲነዳ

ሹካው ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይበል፤ ጭነቱም ትንሽ ወደ ኋላ ይንጋለል። ከፍ አድርጎ መንዳት በአንድ ጉድጓድ ብቻ ማሽኑን ለመገልበጥ ይበቃል። መጋዘን ውስጥ ከሰው እርምጃ የፈጠነ ጉዞ አያስፈልግም። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ማሽን በአንድ ሰከንድ ወደ 3 ሜትር ይጓዛል፤ ሹፌሩ ገና እግሩን ወደ ፍሬን ሳያነሣ ማለት ነው።

ጭነቱ ፊት ከከለለ ወደ ኋላ እየተዞረ በኋላ ማርሽ ይነዳ። ዳገት ላይ ጭነት ካለ ጭነቱ ሁልጊዜ ወደ ዳገቱ ይዙር፦ ሲወጣ ፊት ለፊት፣ ሲወርድ በኋላ ማርሽ። ባዶ ከሆነ ተቃራኒው ነው፤ ሹካው ወደ ቁልቁለቱ ይዙር። ዳገት ላይ አይታጠፍም።

በር ላይ ይቁም። ከቀትር ፀሐይ ወደ ጨለማ መጋዘን የገባ ዓይን ለጥቂት ሰከንድ ምንም አያይም። ሹፌሩ ከበሩ ሥር ቆሞ ክላክስ ይንፋ፣ እስከ አምስት ይቁጠር፣ ከዚያ ይግባ። መብራት ድንገት ከጠፋም ባለበት ይቁም፤ ሹካውን ያውርድ።

7. መኪና ሲጫንና ሲራገፍ

አይሱዙም ይሁን ተሳቢ ያለው ሲኖትራክ፣ ፎርክሊፍቱ ከመቅረቡ በፊት ታኮ ይደረግበት። ድንጋይ ከሆነ ጎማው ሊዘልለው የማይችል ይሁን፤ ከእንጨት የተጠረበ ቢሆን ይሻላል። የእጅ ፍሬን ብቻ ማመን ልክ አይደለም፤ ሁለት ቶን ጭነት ሲያርፍበት መኪናው ይገፋል። የመኪናው ቁልፍ ከሹፌሩ ተወስዶ ለመጋዘን ኃላፊው ይሰጥና ጭነቱ ሲያልቅ ይመለስ። ይህን ካደረጋችሁ «ጨርሰዋል መስሎኝ» ብሎ የሚነሣ ሹፌር አይኖርም።

የመኪናው ረዳት ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፤ ጭነቱን ለማስተካከል ሹካው እየመጣ ሳለ መኪናው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እሱ ይውረድ። ፓሌቱ አርፎ ሹካው ወደ ኋላ ከወጣ በኋላ ይውጣና ያስተካክል። አንድ ሰው ከተነሣ ሹካ ሥር፣ ባዶም ቢሆን፣ አይለፍ።

8. ሰው በሹካ አይነሣም

የላይኛውን ረድፍ ለማስተካከል ሰው ሹካው ላይ ወይም ፓሌት ላይ ቆሞ ይነሣል። በየቦታው የተለመደ ነው፤ እኔም ሹፌር ሳለሁ አንሥቻለሁ፤ ዛሬ ሳስበው ያንገፈግፈኛል። ፓሌቱ ከሹካው ጋር አልታሰረም፣ የሚያዝ ነገር የለም፣ ከአራት ሜትር ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ሰው ደግሞ በሕይወት ቢተርፍም ወገቡን ያጣል። መሰላል ተጠቀሙ። ከፍታ ላይ በየቀኑ ሥራ ካለ ለሰው ማንሻ ተብሎ የተሠራ፣ ዙሪያውን አጥር ያለው፣ ከሹካው ጋር የሚቆለፍ ቅርጫት ይገዛ፤ እሱም የማሽኑ ሠሪ ከፈቀደው ብቻ። አለበለዚያ ክምሩን ዝቅ አድርጋችሁ ደርድሩ።

9. ማሽኑ መገልበጥ ከጀመረ

ሹፌሩ የመጀመሪያ ስሜቱ መዝለል ነው። ብዙዎች የሚሞቱትም በዚህ ነው፤ ሰው ከሚዘልለው ፍጥነት ይልቅ የማሽኑ ጣሪያ ብረት ይፈጥናል፤ አንገቱን ወይም ደረቱን መሬት ላይ ይይዘዋል። ተቀምጦ በሚነዳ ማሽን ውስጥ ያለ ሰው አይዝለል። መሪውን አጥብቆ ይያዝ፣ እግሩን ወለሉ ላይ ተክሎ ይጫን፣ ሰውነቱን ማሽኑ ከሚወድቅበት በተቃራኒ ያዘንብል። ቀበቶው ከታሰረ ጋቢናው ውስጥ ይቆያል። ይህን በወሬ ሳይሆን ማሽኑ ቆሞ ሳለ ሹፌሩን አስቀምጣችሁ በተግባር አለማምዱት፤ በዚያች ሰከንድ አእምሮ አያስብም፣ ሰውነት የለመደውን ነው የሚያደርገው።

10. ሰው ከተጎዳ

የመጀመሪያው ሥራ ማሽኑን ማቆም ነው። ሹፌሩ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲመልሰው ጎማው ሁለተኛ ጊዜ በሰውየው ላይ ይሄዳል። ሞተሩ ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ጎማ ሥር ያለውን ሰው ማሽኑን በክሪክ ወደ ላይ አንሥታችሁ፣ ሞራሌ እያስገባችሁ አውጡት። የሚያዝዘው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሰውየው ከአንድ ሰዓት በላይ ተይዞ ከቆየ ግን ከመልቀቃችሁ በፊት የጤና ባለሙያ ጥሩ፤ የተጨፈለቀው ሥጋ ውስጥ የተጠራቀመው መርዝ ሲለቀቅ ልብና ኩላሊት ይጎዳል።

ደም የሚፈስበትን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑ፤ ለማየት አትግለጡት። ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈሰው በመጫን ካልቆመ ከቁስሉ በላይ ሰፊ ጨርቅ እሰሩና በእንጨት ጠምዝዙት፤ የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ ጻፉለት። ወገቡን፣ አንገቱን ወይም ዳሌውን የተመታን ሰው አታስቀምጡት፣ በጀርባ አትሸከሙት፤ በጣውላ ላይ ለብዙ ሰው አንሡት። ዳሌው ተሰብሯል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በዳሌው ዙሪያ ነጠላ አጥብቃችሁ ጠምጥሙለት። ውኃም ሆነ ምግብ አትስጡ፤ ምናልባት ወዲያው ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው ይሆናል። ሆዱን የተመታ ሰው ፊቱ ከገረጣ፣ ከጠማውና ላብ ካጠመቀው ውስጡ እየደማ ነው።

ወደ ልጁ እግር ልመለስ። ደም የሌለበት ጭፍለቃ ከሚደማው ይልቅ ያታልላል። እግር ወይም ክንድ ውስጥ ያለው ሥጋ በማይለጠጥ ሽፋን ተጠቅልሏል፤ ሲያብጥ መሄጃ ስለሌለው ራሱን ያንቃል፣ ደም መግባት ያቆማል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ሕመሙ ከሚታየው ጉዳት በላይ እየባሰ ይሄዳል፤ ጣቱን ቀስ ብላችሁ ስትዘረጉት ያስጮኸዋል፤ እብጠቱ ሲነካ እንደ እንጨት ይጠነክራል፤ ይደነዝዛል፣ ይቀዘቅዛል። ከጉዳቱ በኋላ ባሉት ስድስት ሰዓታት ውስጥ ሥጋው መሞት ይጀምራል። ስለዚህ ጫማውን ፍቱለት፣ ምንም ነገር አትጠምጥሙበት፣ አታሹት፣ ከልብ በላይ ከፍ አታድርጉት፤ በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት። ወጌሻ ለወለምታ ያደረገልንን አልክድም፣ እኔም ታሽቼ ድኛለሁ። ማሽን የረገጠው እግር ግን የወጌሻ ጉዳይ አይደለም፤ ጠፍሮ ማሰር የቀረውን የደም መንገድ ይዘጋል። ቤተሰቡን ቁጭ ብላችሁ አስረዷቸው፤ «እሺ» ብሎ ወደ ቤቱ የሚሄደውን ልጅም አትላኩት። የቀን ሒሳቡን ክፈሉትና መኪና ላይ አውጡት።

ይህ እንዲሆን መንገዱ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ለምሳሌ ከቡሬ ደብረ ማርቆስ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይቀርባል፤ ከባድ ጉዳት ደግሞ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳሮቹ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ይላካል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከእሱ ጎን የወረዳችሁን አምቡላንስ ሹፌር ስልክና የሁለት ባለመኪናዎችን ስልክ በትልቁ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ። ኔትወርክ ሲጠፋ ማን በእግሩ ሮጦ ማንን እንደሚጠራም ዛሬውኑ ወስኑ።

11. ወረቀቱ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ወይም ሰክሮ ከሠራ በስተቀር። አሠሪው የመጀመሪያ ርዳታ የመስጠት፣ ተጎጂውን ወደ ሕክምና የማድረስና አደጋውን ለሚመለከተው የመንግሥት አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል።

ጫኝና አውራጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው በማኅበር ስለሆነ አደጋ ሲደርስ መጋዘኑ «የማኅበሩ ሰው ነው» ይላል፣ ማኅበሩ «በእናንተ ማሽን ነው» ይላል። ልጁ መሐል ላይ ይቀራል። ከማኅበሩ ጋር ውል ስትፈራረሙ ማን እንደሚያሳክም፣ ያልሠራበትን ቀን ማን እንደሚከፍል፣ የደኅንነት ጫማ ማን እንደሚገዛ በግልጽ አስጽፉ። ማኅበር ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ይህ ካልተጻፈ አትፈርሙ።

አደጋ ከደረሰ በዚያው ቀን ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ጭነቱን፣ የማሽኑን አቋቋም፣ ያዩትን ሰዎች ስም ጻፉ፤ ማሽኑ ሳይነሣ በስልክ ፎቶ አንሡ። በሽምግልና መታረቅ ደግ ነው፤ ቂም ያወርዳል። የሕክምናው ውጤት ሳይታወቅ ግን ቤተሰቡን ጥቂት ብር ሰጥቶ «ከእንግዲህ አልጠይቅም» ማስፈረም በደል ነው። ሽማግሌዎችም ይህን ሲያዩ እንቢ ይበሉ።

12. ለጥቂት የታለፉ አደጋዎች መዝገብ

ሰው ያልተጎዳበትን ጻፉ። ማንም እንዳይቀጣበት አስቀድማችሁ ቃል ግቡ፤ አለበለዚያ ማንም አይናገርም። ተራ ደብተር ይበቃል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን ሆነ፣ ምን ተደረገ። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ ሆኖ ሁለት ቀን ካደረ ኃላፊው ይጠየቅበት። ከእኔ ደብተር አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ኅዳር 21፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ምዕራብ በር። ማሽኑ ከፀሐይ ወደ ውስጥ ሲገባ ጆንያ የሚሰፋውን ልጅ ሹፌሩ አላየውም፤ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ልጁ መርፌውን እንደያዘ ቀረ። የተናገረው ራሱ ሹፌሩ ነው። የተደረገ፦ መስፊያው ወደ ውጭ ጥላ ተዛወረ፤ ከበሩ በላይ ካሉት ቆርቆሮዎች አንዱ ብርሃን በሚያስገባ ፕላስቲክ ተተካ። ኅዳር 22 አለቀ።»